የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ፦ ስጋቱ ከደንበኛው ይልቅ የካሸሯ ነው

የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝን በጥፍር ጫን ብሎ የጫረ ሰው ጥቁር መስመር ያገኛል። ደብተር ላይ ያንኑ ቢሞክር የሚቀረው ሰርጎድ ያለ ጭረት ብቻ ነው። ማተሚያው ውስጥ ሪባንም፣ ካርትሪጅም፣ አንዲት ጠብታ ቀለምም የለም፤ የሚጠቁረው ወረቀቱ ራሱ ነው። የሚያጠቁረው ኬሚካል ደግሞ የአውሮፓና የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎችን ከ15 ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረው ቢስፌኖል ኤ፣ በአጭሩ ቢፒኤ፣ አለዚያም የቅርብ ዘመዱ ቢስፌኖል ኤስ ነው።

በማኅበራዊ ሚዲያ ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው «ደረሰኝ በእጃችሁ አትንኩ» በሚል አጭር ማስፈራሪያ ነው። ይህ አቀራረብ በሳምንት ጥቂት ደረሰኝ የሚቀበለውን ሰው ያለ ልክ ያስደነግጣል፤ በአንድ ፈረቃ በመቶዎች የሚቆጠሩ ደረሰኞችን እየቆረጠች የምታስረክበውን ካሸር ግን ጭራሽ አያነሳትም። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ስናያቸው የሚያሳስበው የእሷ እጅ ነው። መፍትሔው ያለው ደግሞ ወረቀቱን የሚገዛው ሰው ዘንድ ነው። (የኢትዮጵያ ሕግ ቁጥር ካልሆነ በቀር እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ወረቀቱ ውስጥ ያለው

ቴርማል የሚባለው ወረቀት መሠረቱ ተራ ወረቀት ነው። ለስለስና አብለጭለጭ ባለው ገጹ በኩል ስስ ሽፋን ተቀብቷል። ሽፋኑ ውስጥ ለጊዜው መልክ የሌለው የቀለም ዱቄት አለ፤ አሲድነት ያለው ነገር ሲያገኘው ሞለኪዩሉ ይከፈትና ጥቁር ይሆናል። አሲድነቱን የሚሰጠው ቢስፌኖሉ ነው፤ እሱም በጥቃቅን ቅንጣት ከቀለሙ ጎን ተበትኗል። ሁለቱ ጠጣር እስከሆኑ ድረስ አይዋሐዱም። ሲሞቅ ቶሎ የሚቀልጥ ሰም መሰል ሦስተኛ ንጥረ ነገር ግን ያገናኛቸዋል። በተለመደው ማተሚያ ራስ ላይ በአንድ ሚሊሜትር 8 የማሞቂያ ነጥቦች ተደርድረዋል። ነጥቦቹ በሺህኛ ሰከንዶች ውስጥ ይሞቃሉ፣ ይቀዘቅዛሉ፤ የነኩት ቦታ ፊደል ይሆናል። መኪና ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ የመታው ደረሰኝ ሙሉ በሙሉ የሚጠቁረውም በዚሁ መንገድ ነው።

መጠኑን በእጅ ማስላት ይቻላል። ወርዱ 57 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 15 ሴንቲሜትር የሆነ ደረሰኝ እንውሰድ፤ ወረቀቱ በካሬ ሜትር 50 ግራም የሚመዝን ይሁን። የደረሰኙ ክብደት 0.43 ግራም ያህል ይመጣል። በቢፒኤ የተሠራ ወረቀት ከክብደቱ 1 በመቶ እስከ 2 በመቶ የሚሆነው ይኸው ኬሚካል ነው። መካከለኛውን፣ 1.5 በመቶን ብንወስድ፣ በዚያች ብጣሽ ላይ ከ6 ሚሊግራም በላይ ቢፒኤ አለ ማለት ነው። በማይክሮግራም ሲቆጠር ከ6,000 በላይ ይሆናል።

ይህ ብዙ ነው። ግን ከብዛቱ በላይ የሚያሳስበው ያለበት ሁኔታ ነው። ጠንካራ ጠርሙስና የውሃ ጃር የሚሠራበት ፖሊካርቦኔት ፕላስቲክም የሚመረተው ከቢፒኤ ነው፤ ይሁንና እዚያ ሞለኪዩሎቹ እርስ በርስ ተሳስረው ረጅም ሰንሰለት ሆነዋል፤ ወደ ውሃው የሚሾልከው ሳይተሳሰር የቀረው ወይም ከሰንሰለቱ የተፈታው ጥቂቱ ነው። ደረሰኝ ላይ ያለው ከምንም ጋር አልተሳሰረም። ወረቀቱ ላይ እንደተነሰነሰ ዱቄት ነው፤ የነካው ጣት ይዞት ይሄዳል።

የኤቲኤም ወረቀት፣ የፓርኪንግ ቲኬት፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ ሥጋና አትክልት ሲመዘን የሚለጠፈው የዋጋ ምልክት፣ የአውሮፕላን መሳፈሪያ ካርድና የሻንጣ መለያ፣ የአልትራሳውንድ ምስልና ብዙውን ጊዜ የልብ ምርመራ ወረቀት ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው። የሚለጠፉት ምልክቶች ብዙ ጊዜ ከላይ መከላከያ ሽፋን ስላላቸው ወደ እጅ የሚያስተላልፉት ያነሰ ነው። ተራው የካሽ ሬጅስተር ጥቅል ይህ ሽፋን የለውም፤ ዋጋውን ርካሽ ካደረጉት ነገሮች አንዱም ይኸው ነው። በእጅ የሚጻፍ ደረሰኝ ቴርማል አይደለም።

አንድ ቁጥር፣ አራት ፍርድ

በ2010 የታተመ የስዊዘርላንድ ጥናት ለዚህ ክርክር መነሻ ሆኗል። ተመራማሪዎቹ 13 ዓይነት የማተሚያ ወረቀት መርምረው በ11ዱ ውስጥ በኪሎግራም ከ8 እስከ 17 ግራም ቢፒኤ አገኙ። ከዚያም ወረቀቱን በአውራ ጣትና በሌሎች ጣቶች መካከል ለ5 ሰከንድ ይዞ መቆየት ምን ያህል ወደ ቆዳ እንደሚያሻግር ለኩ። ደረቅ ጣት ላይ 1 ማይክሮግራም ገደማ ተገኘ። ጣቱ እርጥብ ወይም በጣም ቅባታም ሲሆን መጠኑ ወደ አሥር እጥፍ ወጣ። በዚህ ላይ ተመሥርተው ቀኑን ሙሉ፣ 10 ሰዓት ያህል፣ ወረቀቱን ደጋግሞ የሚነካ ሰው እስከ 71 ማይክሮግራም በቀን ሊደርሰው እንደሚችል ገመቱ።

ይህን 71 እንያዘው። ጥናቱ ሲወጣ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለቢፒኤ የፈቀደው የቀን ጣሪያ በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 50 ማይክሮግራም ነበር። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 3,000 ማይክሮግራም መሆኑ ነው። ካሸሯ ከጣሪያው በ42 እጥፍ በታች ስለነበረች ጉዳዩ የተዘጋ መሰለ። በ2015 ያው ባለሥልጣን ጣሪያውን ወደ 4 ማይክሮግራም አወረደው፤ ለ60 ኪሎ ሰው 240። አሁን የቀራት ልዩነት ከሦስት እጥፍ ጥቂት የሚበልጥ ነው። በሚያዝያ 2023 ደግሞ በ20,000 እጥፍ ቀንሶ 0.2 ናኖግራም አደረገው፤ ለ60 ኪሎ ሰው 12 ናኖግራም፣ ማለትም ከማይክሮግራም መቶኛ ብዙም ያልራቀ። በዚህ ስሌት 71 ማይክሮግራም ከጣሪያው በ6,000 እጥፍ ገደማ ያልፋል። የጀርመን የአደጋ ምዘና ተቋም ግን በዚሁ ወር «አልስማማም» ብሎ የራሱን ጣሪያ አወጣ፦ በኪሎ 200 ናኖግራም፣ ለ60 ኪሎ ሰው 12 ማይክሮግራም። በጀርመኖቹ ሚዛን ካሸሯ በስድስት እጥፍ ገደማ በላይ ናት።

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ወረቀቱም እጁም አልተለወጡም። የተለወጠው የትኛውን ጉዳት መለኪያ እናድርግ የሚለው ነው። የአውሮፓው ባለሥልጣን በ2023 የተመረኮዘው በአይጥ በሽታ መከላከያ ሕዋሳት ላይ በታየ ለውጥ ነው፤ ጀርመኖቹ ያ ለውጥ በሰው ላይ ወደ በሽታ እንደሚያመራ አልተረጋገጠም ብለው ሌላ መለኪያ መረጡ። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። ቢሆንም ሁለቱም ወገኖች የ2015ቱ ጣሪያ ከሚገባው በላይ ልቅ እንደነበር በተግባር አምነዋል፤ ጣሪያው በማን ስሌት ይሁን ነው እንጂ ጥያቄው፣ ካሸሯ ከሁለቱም በላይ ናት።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጣሪያዎቹ የወጡት በአፍ ለሚገባ መጠን ነው። ቆዳ ላይ ያረፈ ሁሉ ደግሞ ወደ ደም አይገባም፤ ጥቂቱ ይገባል፣ ቀሪው ይታጠባል ወይም ይረግፋል። በተቃራኒው በቆዳ ያለፈው በጉበት በኩል አልፎ ወዲያው ስለማይመክን መንገዱ የራሱ ችግር አለው። በ2017 በታተመ በፈቃደኞች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በአፍ የተወሰደው ቢፒኤ በአንድ ሁለት ቀን ከሽንት ሲጠፋ፣ ወረቀት ከያዘ እጅ የገባው ግን በግማሾቹ ተሳታፊዎች ላይ ከሳምንት በኋላም ይታይ ነበር።

ሽንት ላይ የታየው

ግምትን ትቶ ወደ ልኬት ሲኬድ ሁለት ጥናቶች ይጠቅማሉ። በ2014 በአሜሪካ 24 ፈቃደኞች ያለ ጓንት ለ2 ሰዓት ሳያቋርጡ ደረሰኝ ሲነካኩ ቆዩ። በሽንታቸው ውስጥ የነበረው ቢፒኤ በአማካይ በሊትር ከ1.8 ወደ 5.8 ማይክሮግራም ወጣ። ናይትራይል ከተባለ ሰው ሠራሽ ጎማ የተሠራ ጓንት አድርገው ሲደግሙት ይህ ነው የሚባል ጭማሪ አልታየም። ስለዚህ ምንጩ ወረቀቱ፣ መግቢያው እጅ መሆኑ ጥርጥር የለውም። በ2016 የወጣው የፈረንሳይ ጥናት ደግሞ እውነተኛ ካሸሮችን በሥራ ቦታቸው ተከታተለ። በካሸሮቹ ሽንት ጠቅላላ ቢፒኤ 8.92፣ ደረሰኝ በማይነኩት 3.54 ማይክሮግራም በሊትር ሆነ። ሰውነት ገና ያላመከነው፣ ሆርሞን መስሎ መሥራት የሚችለው ክፍል ግን በሁለቱም ጥቂት ነበር፦ 0.28 እና 0.20። ይህን ሁለተኛ ቁጥር የሚያስፈራሩት ጽሑፎች አያነሱትም፤ የሚያጣጥሉት ደግሞ የመጀመሪያውን ይዘሉታል።

ቢፒኤ ኤስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን በደካማው ይኮርጃል። ይህ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። በአውሮፓ ሕግ የመራባት አቅምን የሚጎዳ ተብሎ ተመድቧል፤ ዋናው ጭንቀት ለፅንስ ነው። ለዚህም ነው ፈረንሳይ በ2014 እገዳ ስትጠይቅ በነፍሰ ጡር ካሸሮች ላይ ያተኮረችው። የአውሮፓ የኬሚካል ኤጀንሲ የአደጋ ምዘና ኮሚቴ በ2015 የደረሰበት ፍርድም ይኸው ነበር፦ ለሸማቾች ስጋቱ በቁጥጥር ሥር ነው፣ ለገንዘብ ተቀባዮች ግን ስጋት አለ። ደንቡ በታኅሣሥ 2016 ወጣ፤ ከጥር 2 ቀን 2020 ጀምሮ ከክብደቱ 0.02 በመቶና ከዚያ በላይ ቢፒኤ ያለበት ቴርማል ወረቀት በአውሮፓ ኅብረት ገበያ እንዳይቀርብ ተከለከለ።

ይህ ሁሉ ለተራ ደንበኛ ምን ይላል? በአዋቂ ሰው ላይ ቢፒኤ በዋነኝነት የሚገባው ከምግብ ነው፤ በተለይ ጣሳቸው በውስጥ በኩል ከተቀባ የታሸጉ ምግቦች። ቴርማል ወረቀት ሁለተኛ ነው። በቀን ሁለት ሦስት ደረሰኝ በደረቅ እጅ ተቀብሎ ኪስ የሚከት ሰው እንቅልፍ የሚያጣበት ምክንያት የለውም። በ2025 በስፋት የተሰራጨው «ለ10 ሰከንድ መንካት ከገደብ ያሳልፋል» የሚለው ዜና መነሻው የካሊፎርኒያ ሕግ ነው። የዚያ ሕግ ገደብ ማስጠንቀቂያ መለጠፍ ግዴታ የሚሆንበት መስመር ነው፤ መራባትን በሚጎዱ ኬሚካሎች ላይ የሚወጣውም ጉዳት ካልታየበት መጠን ላይ በ1,000 ተካፍሎ ነው። መስመሩን ማለፍ ማለት መመረዝ ማለት አይደለም።

ከ«ኤ» ወደ «ኤስ»

እገዳው ሲመጣ ፋብሪካዎች ማሽን አልቀየሩም፤ ዱቄቱን ቀየሩ። ቢስፌኖል ኤስ ከቢፒኤ ጋር አንድ ዓይነት ሁለት የፌኖል ቀለበት አለው፤ የሚለያቸው መሐል ያለው ማገናኛ ብቻ ነው፤ በኤስ በኩል ድኝ ያለበት ነው። ቀለሙን በእኩል ያጠቁራል፤ ሙቀትን እንዲያውም የተሻለ ይችላል። እናም ካርቶኑ ላይ «ከቢፒኤ ነፃ» ተብሎ ተጻፈ፤ ሐሰት አልነበረም። በአሜሪካ በሚቺጋን የሚገኝ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በ2023 ይፋ ባደረገው ምርመራ ከሰበሰባቸው ደረሰኞች 80 በመቶ ገደማ ቢስፌኖል ነበራቸው፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ኤስ። ቢፒኤ ከገበያው ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር።

ኤስ በላብራቶሪ ሲፈተሽ ቆዳን የማለፍ አቅሙ ከቢፒኤ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ለካሸሯ መልካም ዜና ነው። በሆርሞን ላይ የሚሠራው ግን ተመሳሳይ ነው፤ በአካባቢ ውስጥም ቶሎ አይበሰብስም። በጥር 2023 የአውሮፓ የኬሚካል ኤጀንሲ ኤስን እጅግ አሳሳቢ በሆኑ ኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥ አስገባው፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ካሊፎርኒያ መራባትን ይጎዳሉ ካለቻቸው ጋር መዘገበችው። ስዊዘርላንድ ከጎረቤቶቿ ብልጥ ብላ ገና በ2020 ሁለቱንም አንድ ላይ ከደረሰኝ ከልክላለች። የዋሽንግተን ግዛትም (የአሜሪካ ዋና ከተማ ዲሲ ሳትሆን ሲያትል ያለችበት) ከጥር 2026 ጀምሮ በቴርማል ወረቀት ላይ ቢስፌኖሎችን በጅምላ አግዳለች። ትክክለኛው የሕግ አወጣጥ ይህኛው ነው፤ አንዱን በስም ጠርቶ መከልከል የሚጋብዘው ወንድሙን ነው።

ሦስተኛው ትውልድ «ከፌኖል ነፃ» የሚባለው ነው። ከነዚህም አንዱ በገበያ ስሙ ፐርጋፋስት 201 የሚባለው ሲሆን፣ በቫይታሚን ሲ የተሠራ ወረቀትም ወጥቷል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2014 የቢፒኤ ምትክ ሊሆኑ የሚችሉ 19 ኬሚካሎችን መርምሮ «ይኼኛው በግልጽ ይሻላል» የሚለው አላገኘም፤ ፐርጋፋስትም ለውሃ ውስጥ ሕይወት ጎጂ መሆኑ ተመዝግቧል። ከዚህ አዙሪት የወጣው የጀርመኑ ኮህለር ኩባንያ ብሉፎረስት በሚል ስም የሚያመርተው ወረቀት ነው። እሱ ላይ የሚዋሐድ ነገር የለም፦ ከሥር ጥቁር ንብርብር አለ፣ ከላይ በአየር ክፍተት የተሞላ ግራጫማ ሽፋን ይሸፍነዋል፤ ሙቀት ሲነካው ክፍተቱ ይወድቅና ጥቁሩ ይታያል። መልኩ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ስለሚያደላ በዓይን ይለያል። ዋጋው ከፍ ይላል።

ደረሰኝ ግዴታ በሆነበት አገር

የውጭ ጽሑፎች የመጀመሪያ ምክር «ደረሰኝ አልፈልግም በሉ» የሚል ነው። ፈረንሳይ ከነሐሴ 2023 ወዲህ ደንበኛው ካልጠየቀ በቀር ደረሰኝ እንዳይታተም በሕግ ስላስቀረች እዚያ ምክሩ ይሠራል። በኢትዮጵያ አይሠራም። በደንብ ቁጥር 139/1999 መሠረት የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የመጠቀም ግዴታ ያለበት ነጋዴ ለእያንዳንዱ ሽያጭ ደረሰኝ መቁረጥ አለበት፤ «ደረሰኝ ሳይቀበሉ አይክፈሉ» የሚለው ማስታወቂያም በየመደብሩ ተለጥፏል። ደንበኛው ጥሎት ቢሄድም ወረቀቱ ታትሟል፣ ካሸሯ ቆርጣዋለች፣ ከባንኮኒው የምታነሳውም እሷ ናት። ከፈረንሳይ ዓይነቱ ሕግ ውጭ ባለ አገር ሁሉ ከታተመ በኋላ እምቢ ማለት የሚከላከለው ከሁለቱ እጆች ባነሰ የሚነካውን ነው።

ስለዚህ የሚጠቅመው ባንኮኒው ጀርባ ያለው ልማድ ነው፤ ከሁሉ የሚቀድመው ደግሞ ሳኒታይዘር። ከኮቪድ ወዲህ በየካሽ ሬጅስተሩ አጠገብ አንድ ጠርሙስ ተቀምጧል። ቢፒኤ በውሃ እምብዛም አይሟሟም፤ በአልኮል ግን ይሟሟል። በሳኒታይዘርና በክሬም ውስጥ ቆዳን የሚያለሰልሱት እንደ ፕሮፒሊን ግላይኮል ያሉ ነገሮች ደግሞ ኬሚካል ወደ ቆዳ እንዲሰርግ ይረዳሉ። በ2014 በአሜሪካ የተሠራ ሌላ ጥናት ሳኒታይዘር የነካ እጅ ገና ሳይደርቅ ደረሰኝ እንዲይዝ አድርጎ ነበር፤ በ45 ሰከንድ ውስጥ እጁ ላይ እስከ 581 ማይክሮግራም ተገኘ። ከደረቁ ጣት 1 ማይክሮግራም ጋር ይነጻጸር። በጥናቱ ተሳታፊዎቹ ከዚያ በኋላ የተጠበሰ ድንች በእጃቸው በሉ፤ በደማቸውና በሽንታቸው የነበረው መጠን ወዲያው ጨመረ። እኛ ጋ በድንቹ ቦታ ቆሎ ነው የሚገባው፤ ባንኮኒው ሥር በሳህን ተቀምጦ በየመሐሉ የሚቀመስ ቆሎ።

የሚከተለው ሥርዓት ቀላል ነው። ሳኒታይዘር የተጠቀመ ሰው እጁ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ወረቀት አይንካ። ከተቻለ ሳኒታይዘሩን ትቶ እጅን በሳሙናና በውሃ ታጥቦ ማድረቅ ይሻላል፤ ለእረፍት ሲወጣ፣ ከመብላት በፊት፣ ፈረቃ ሲያልቅ። በእጅ የሚበላ ሕዝብ ከገበታ በፊት መታጠቡ እዚህ በእጅጉ ይረዳል፤ ችግሩ ያለው ገበታ ተብሎ በማይቆጠረው፣ በመሐል በሚቀመሰው ነው። የእጅ ክሬም ከሥራ በኋላ ይቀባ። ደረሰኝ ለመለየት ጣት በምራቅ ማርጠብ፣ ሁለት እጅ ሲያዝ ወረቀቱን በከንፈር መያዝ፣ ሁለቱም በቀጥታ ወደ አፍ ናቸውና ይቁሙ። ለጣት ማርጠቢያ እርጥብ ስፖንጅ ማስቀመጥም አይረዳም፤ እርጥብ ጣት የሚያነሳው አሥር እጥፍ መሆኑን አይተናል። ለመቁጠር ደረቅ የጎማ ጣት ሽፋን ይበቃል።

ጓንት ይሠራል፤ ናይትራይል ከሆነና ሲቆሽሽ ወይም ሲቀደድ ከተቀየረ። ቀኑን ሙሉ አንዱን ጓንት አድርጎ፣ በዚያው ፊት እየነኩና እየበሉ መዋል ግን ኬሚካሉን ከጓንቱ ወደ አፍ ማመላለስ ነው፤ ከውስጥ ያለበው እጅም ይቆጣል። ጓንት ለነፍሰ ጡር ካሸር፣ ወይም ማታ የቀኑን ደረሰኝ ሁሉ ደርድሮ የቀኑ ሽያጭ ማጠቃለያ ከሆነው ዜድ ሪፖርት ጋር ለሚያስተያይ ሰው የሚገባ ነገር ነው። ነፍሰ ጡሯን ለነዚያ ወራት ወደ ሌላ ሥራ ማዛወር ከጓንት ይሻላል።

ሥልጠና ላይ ከማይነሱት ነገሮች አንዱ የማተሚያው ጽዳት ነው። መቁረጫው ጥርስ አካባቢ ነጭ ብናኝ ይጠራቀማል፤ ይህ የወረቀቱ ሽፋን ጭምር ነው። በአፍ እፍ አይባልም፤ ማሽኑን አጥፍቶ በትንሹ እርጥብ በሆነ ጨርቅ ይጠረጋል። የማተሚያው ራስ የሚጸዳው በአልኮል ስለሆነ ያን ጊዜ ጓንት ማድረግ ተገቢ ነው።

ለደንበኛ ጥቂት ይበቃል። ደረሰኙን የታተመውን ገጽ ወደ ውስጥ አጥፎ መያዝ፣ ከዳቦና ከፍራፍሬ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ አለመክተት፣ ለሕፃን መጫወቻ አለመስጠት። ሕፃን ወረቀት ሲያገኝ አፉ ውስጥ ይከተዋል፤ እላይ ያሰላነው 6 ሚሊግራም ደግሞ ያለው በሙሉ እዚያች ብጣሽ ላይ ነው። ቦርሳ ውስጥ ከብር ጋር መደራረቡም ብሩን ይበክላል፤ በ2011 ከ21 አገሮች የተሰበሰቡ የወረቀት ገንዘቦች ሲመረመሩ ሁሉም ቢፒኤ ተገኝቶባቸዋል። የማያስፈልግ ደረሰኝ ከሌላ ወረቀት ጋር ለመልሶ ማምረት አይሰጥ፤ ቢስፌኖሉ ወደ ሶፍትና ካርቶን ይዛመታል። ከተራ ቆሻሻ ጋር ይሂድ። በዲሲና በአካባቢው ፓርኪንግ ላይ የሚሠሩ ወገኖቻችን ቀኑን ሙሉ የሚቀበሉትና የሚሰጡት ቲኬትም ቴርማል ከሆነ ምድባቸው ከካሸሯ ጋር ነው።

ለግብር የሚቀመጠው ደረሰኝ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ቴርማል ጽሑፍ በሙቀት ይጠቁራል፣ በብርሃንና በዘይት ይደበዝዛል፤ ከፒቪሲ በተሠራ የፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ሲቆይ ወይም ስኮች ሲለጠፍበት ደግሞ ከፕላስቲኩ የሚወጣው ማለስለሻ ፊደሉን ይበላዋል። ብዙ የሒሳብ ባለሙያዎች ሲረከቡ ወዲያው ፎቶ ኮፒ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ዋናውን በወረቀት ፖስታ ውስጥ አኑሮ በኮፒው መሥራት ጽሑፉንም እጅንም ያድናል።

ጥቅሉን የሚገዛው ሰው

አንድ ሱቅ ወይም ካፌ ሊያደርገው ከሚችለው ሁሉ የበለጠ ውጤት ያለው የወረቀት ግዢው ነው። ጥቅሉ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ በመሆኑ አስመጪው ከፋብሪካው የሚጠይቀው ነገር ይወስነዋል። «ከቢፒኤ ነፃ» የሚለውን ብቻ መቀበል ኤስን መግዛት ነው። መጠየቅ ያለበት «ከፌኖል ነፃ» የሚል የጽሑፍ ማረጋገጫ፣ የወረቀቱ የቴክኒክ መግለጫ፣ ከተቻለም ቢፒኤና ቢስፌኖል ኤስ (ቢፒኤስ) ሁለቱም ከ0.02 በመቶ በታች መሆናቸውን የሚያሳይ የላብራቶሪ ውጤት ነው። ማረጋገጫው የሚመጣውን ዕቃ የምርት ቁጥር መጥቀስ አለበት፤ በጥቅሉ «ምርታችን ነፃ ነው» የሚል ደብዳቤ ለዚህኛው ካርቶን ምንም አያረጋግጥም። ስም የሌለው ጥቅል፣ በካሬ ሜትር ስንት ግራም እንደሆነ እንኳ ያልተጻፈበት፣ ምን እንደተቀባ የሚጠየቅለት ሰው የለም።

አዲሱን ወረቀት በጅምላ ከማዘዝ በፊት ሁለት ሦስት ጥቅል ወስዶ በራስ ማሽን ላይ መሞከር ያስፈልጋል። የሚያጠቁረው ኬሚካል ሲቀየር የሚፈልገው ሙቀትም ስለሚቀየር፣ በቀድሞው ወረቀት ልክ የተስተካከለ ማተሚያ በአዲሱ ላይ ሐመር ጽሑፍ ሊያወጣ ይችላል። ያን ጊዜ በማሽኑ ማስተካከያ ውስጥ የሕትመት ድምቀቱን አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ከዚያ የታተመውን አንዱን ፖስታ ውስጥ፣ አንዱን መስኮት ላይ፣ አንዱን የፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ለአንድ ወር ማቆየት ነው። ፖስታ ውስጥ ያለው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ካልተነበበ ወረቀቱ ከኬሚካል በኩል የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ለሒሳብ ፋይል ስለማይሆን ሌላ አቅራቢ መፈለግ ይሻላል።